የሱፍ ጠቋሚ በቤት ውስጥ አሠራር፦ ለፍላይ ፊሺንግ ከጎንደር ገበያ በሚገኝ ዕቃ

ነጭ ዓሣ ዝንብ መሳዩን መንጠቆ ወደ አፉ አስገብቶ፣ ምግብ አለመሆኑን ዐውቆ እስኪተፋው ድረስ አንድ ሁለት ብሎ ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ይባስ ብሎ ሳይጎትት ነው የሚመጠው። እጄ ላይ ይሰማኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ «ዛሬ ዓሣ የለም» እያለ ይውላል፤ ዓሣው ግን ሲቀምስና ሲተፋ ነው የዋለው።

በፍላይ ፊሺንግ (ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ማጥመድ) ይህን ንክሻ ለዓይን የሚያሳየው ስትራይክ ኢንዲኬተር ይባላል። እዚህ ጠቋሚ እንለዋለን። መንጠቆው በታሰረበት ናይለን ላይ ተይዞ በውሃው ገጽ የሚሄድ፣ የልጅ ቁንጮ የመሰለ የክር ጭብጥ ነው። ከሥሩ መንጠቆው ይንጠለጠላል፤ ዓሣ ሲነካው ቁንጮው ይቆማል፣ ያዘነብላል ወይም ይሰምጣል። ተገዝቶ የሚመጣው የፕላስቲክ ኳስም ያንኑ ይሠራል፤ ነገር ግን በጣና ሐይቅ፣ በጎርጎራ ዳርቻ አንድ ሜትር በማይሞላ ውሃ ላይ ጧ ብሎ ሲወድቅ በአካባቢው ያለውን ቆሮሶ ሁሉ ያባርራል። የሱፍ ቁንጮ እንደ ላባ ያርፋል። ሸምበቆ ዘንግ ይዞ፣ ጫፉ ላይ ናይለን አስሮ፣ በትል የሚያጠምድ ሰውም ያለ ምንም ለውጥ ሊጠቀምበት ይችላል።

ክሩን መምረጥ

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቡሽ የሚንሳፈፈው በራሱ አካል ነው። የክር ቁንጮን የሚያንሳፍፈው ግን በዘለላዎቹ መካከል የተያዘው አየርና ያ አየር እንዳይወጣ የሚጠብቀው ቅባት ነው። ክሩ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ምንም ያህል ብታወፍሩት ከአምስት ወርወራ በኋላ እንደ ረጠበ ጨርቅ ይወርዳል።

መጀመሪያ የማይሆነውን እናውጣ። የኪሮሽ ክርና የሸማ ፈትል ጥጥ ናቸው፤ ጥጥ ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፣ ውሃም ይጠጣል። ቀለሙ ቢያምርም ተዉት። ባዘቶም ያው ጥጥ ነው።

የሚሆኑት ሦስት ናቸው።

አንደኛው የበግ ፀጉር ነው። ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከደጋው ወገን የሚመጣው በግ ከላዩ ሻካራ፣ ከሥሩ ለስላሳ ፀጉር አለው። የምትፈልጉት የሥረኛውን ነው። ከቆዳ ነጋዴ ወይም ባና ከሚሠሩ ሰዎች አንድ እፍኝ ብታገኙ ለዓመት ይበቃል። ዋናው ነገር በእንዶድም ሆነ በኦሞ ያልታጠበ መሆኑ ነው። የበግ ፀጉር ከተፈጥሮው ቅባት አለው፤ በጣታችሁ ስታሹት የሚያሟልጫችሁ እሱ ነው። ሳሙና ያን ቅባት አጥቦ ሲወስደው ፀጉሩ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ቆሻሻውንና አሜከላውን በእጅ ልቀሙ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ሽታውን ዓሣ አይጠላውም፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ሊጠላው ይችላል።

ሁለተኛው የሹራብ ክር ነው። ሱቅ ውስጥ «የሱፍ ክር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው። ከውሃ ጥቂት ይከብዳል፤ ነገር ግን ውሃ እምብዛም አይጠጣም፣ በደንብ ከተበጠረና ከተቀባ ግማሽ ቀን ይቆያል። ጥቅሙ ቀለሙ ነው፦ ብርቱካንማና ደማቅ ቢጫ በየሱቁ አለ።

ሦስተኛው በነፃ የሚገኝ ሲሆን ከሁሉም በተሻለ የሚንሳፈፈውም እሱ ነው፦ የማዳበሪያ ጆንያ። የተሸመነበት ጠፍጣፋ ላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ ራሱ ከውሃ ይቀላል፤ ቅባት ባይነካውም አይሰምጥም። አንዳንድ ሰው «ናይለን ገመድ» የሚለው ባለቀለም የዕቃ ማሰሪያም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው። ሲፈታ ቀጭን ዘለላ ስለሚሰጥ ከጆንያው ይልቅ ለሥራ ይመቻል። ጆንያውን የመረጠ ሰው ጠፍጣፋውን ክር በመርፌ ጫፍ ደጋግሞ በርዝመቱ መሰንጠቅ አለበት፤ ካልተሰነጠቀ እንደ ገለባ ይቆማል እንጂ አየር አይዝም።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ካጠራጠራችሁ ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው በእሳት፦ ጥቂት ዘለላ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ክብሪት አስነኩት። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ፖሊፕሮፒሊን ይቀልጣል፣ ሽታውም የሻማ ነው።

ሁለተኛው በውሃ ነው፤ ይኸኛው ላይ ሰው ይሸወዳል። ክሩን ብርጭቆ ውስጥ ጣል አድርጎ ተንሳፈፈ ማለት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፣ አየር ስላለው ሁሉም ይንሳፈፋል። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ክሩን ከሥር ይዛችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጨምቁትና ልቀቁት። ወደ ላይ የሚመለሰው ፖሊፕሮፒሊን ብቻ ነው። እውነተኛው ናይለን፣ አክሪሊኩም፣ ሱፉም ይወርዳሉ።

ምርጫ ላቅርብ ከተባለ፦ ለተለመደ ቀን የገመዱን ፖሊፕሮፒሊንና ያልታጠበ የበግ ፀጉር እኩል ቀላቅሎ መሥራት። ገመዱ ያንሳፍፋል፣ ፀጉሩ አየር ይይዛል። ብቻውን የሚሠራ ገመድ ያንሸራትታል፤ ብቻውን የሚሠራ ፀጉር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይደክማል።

ቀለም

ብርቱካንማ ለአብዛኛው ጊዜ ይበቃል። ነጭን አንመክርም፤ መገጭ ወንዝ ላይ ውሃው ድንጋይ እየመታ የሚያወጣውን አረፋ ትከተላላችሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ውሃው እንደ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ብርቱካንማው ራሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ነው፤ እሱም ከጥቁር በግ ያለ ቀለም ይገኛል። ግማሹን ጥቁር ግማሹን ብርቱካንማ ማድረግ ሁለቱንም ይፈታል፤ ቁንጮው ሲዞር የቀለሙ ለውጥ ስለሚታይ ቀላል ንክሻንም ያሳብቃል። ሐምራዊና ሮዝ ጣና ላይ አይሠሩም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ አረም አበባው ሐምራዊ ነው፤ ተቆርጦ በሚንሳፈፈው መካከል ጠቋሚያችሁን ስትፈልጉ ዓሣው ይሄዳል።

ቅባቱ

ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ ቫዝሊንና ንጹሕ ሰም ይበቃል። ሰሙ ከጠጅ ቤት ከሚወጣ ሰፈፍ ቀልጦ የተጠለለ ሊሆን ይችላል፤ ጣፋጭ ነገር እንዳይቀርበት ሁለት ጊዜ በውሃ አፍሉትና ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ውሰዱ።

1 የሾርባ ማንኪያ የተፈረፈረ ሰም ለ3 ማንኪያ ቫዝሊን። ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቆርቆሮውን ግማሽ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አቁሙ። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ ከበቂ በላይ ነው፤ በቀጥታ ከሰል ላይ ማስቀመጥ ግን እሳት ያስነሳል። በቀጭን እንጨት አማስሉ፣ አንድ ወጥ ሲሆን ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገልብጡት።

ሲረጋ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጣት ማስገባት አለበት፤ ነገር ግን መቅለጥ የለበትም። ጎንደር ከተማ ጠዋት ላይ ልክ የመሰላችሁ ቅባት ጎርጎራ ሲወርድ ዘይት ሆኖ ኪስ ያበላሻል፤ የሐይቁ ዳር ከከተማው ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። ወደ ሐይቅ የምትወርዱ ከሆነ ቫዝሊኑን ወደ 2 ማንኪያ ቀንሱ።

ቫዝሊን አጠገብ ስለሚቀመጥ ሰው ግሊሰሪን ይገዛል። ግሊሰሪን ውሃ ወዳድ ነው፤ ጠቋሚን ያሰምጣል። የፀጉር ኮንዲሽነርና የሰውነት ሎሽንም እንዲሁ ውሃን ከቅባት ጋር ለማስታረቅ የተሠሩ ናቸውና ያሰምጣሉ። ቅቤም ይሞከራል፤ ለአንድ ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ማታ ደግሞ ጉንዳን ሣጥኑን ያገኘዋል።

አሠራሩ

ቁንጮውን ናይለን ላይ የሚይዘው አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ኒውዚላንዳውያን አስጋሪዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ ቋጠሮ ስለሌለው ናይለኑን አያደክምም፣ ጥልቀት ለመቀየርም ማንሸራተት ብቻ ይበቃል። ቱቦው ከመብራት ገመድ ልባስ ይገኛል። ባለ 0.75 ወይም ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ፈልጉ፤ የውስጡ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 1.5ቱ ለወፍራም ቁንጮ ይሆናል። ባለ 2.5ቱ አይዝም። የስልክ ገመድ ልባስ ጠባብ ስለሆነ ታጥፎ የሚገባውን ናይለን አያሳልፍም።

ሌላው ዕቃ፦ መቀስ፣ ቀጭን ኪሮሽ (ከሌለ ታጥፎ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ)፣ ሚዶ ወይም ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ማበጠሪያ፣ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን።

1. ገመዱን 10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና ልባሱን በምላጭ ዙሪያውን በየ8 ሚሊ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በፒንሳ ያዝ አድርጋችሁ ቁራጭ በቁራጭ ከመዳቡ ላይ አውጡ። መዳቡ ሲጎተት ልባሱ ከተለጠጠ ቀዳዳው ይጠባል፤ ስለዚህ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክሩት።

2. የእያንዳንዱን ቱቦ ሁለት አፎች በጥፍር ሞረድ አለስልሱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ በኋላም ናይለኑ ልክ ቱቦው አፍ ላይ ሲበጠስ ናይለኑን ይሰድባል። ናይለኑን የቆረጠው ምላጩ የተወው ስለታም ጠርዝ ነው። እሳት አታስነኩት፤ ልባሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መጥፎ ነው፣ አፉም ይጨማደዳል።

3. ክሩን 6 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ፍቱት። የሹራብ ክር ከሆነ ጥምዝዙ ሙሉ በሙሉ እስኪፈታ በጣት ወደ ኋላ ጠምዝዙ፣ ከዚያ በሚዶ ከመሐል ወደ ጫፍ አበጥሩ። ዞሮ ደግሞ የሌላውን ጫፍ። ያልተፈታ ክር አየር አይዝም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ሁለት ደቂቃ ይህ ነው።

4. መጠኑን ለኩ። የተበጠረውን ጭብጥ በጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጠመዝዙት የክብሪት እንጨት ያህል ከወፈረ ለትንሽ መንጠቆ ልክ ነው። የእርሳስ ፍሬ (ማስመጫ ክብደት) ለሚታሰርበት ሁለት ክብሪት እንጨት ያህል። ከዚያ በላይ ከሆነ በቱቦው አይያዝም፣ ነፋስም ይወስደዋል።

5. የሽንብራ ፍሬ ያህል ቅባት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሽታችሁ እስኪጠፋ አሙቁ፤ ከዚያ ጭብጡን ከመሐል ወደ ጫፍ እየሳባችሁ ቀቡት። እንደገና አበጥሩ። ዘለላዎቹ እየተለያዩ ካልቆሙና እንደ ተቀባ ሹሩባ ከተጣበቁ ቅባቱ በዝቷል፤ በወረቀት አውጡት። ቅባት የበዛበት ቁንጮ አየር ስለሌለው ካልተቀባው እኩል ይሰምጣል። ሰው ግን ሲሰምጥበት ይጨምርበታል፣ የባሰ ይሰምጣል።

6. ኪሮሹን በቱቦው ውስጥ አሳልፉ፣ ናይለኑን አጥፋችሁ እጥፋቱን በኪሮሹ ጫፍ ያዙና በቱቦው ስባችሁ አውጡ። በአንዱ አፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀለበት መታየት አለበት፣ በሌላው አፍ ሁለቱ የናይለን እግሮች።

7. ጭብጡን እኩል አድርጋችሁ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ። ናይለኑን በምራቅ አርጥባችሁ ሁለቱን እግሮች ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ቀለበቱ ጭብጡን ወገቡ ላይ አጥፎ ወደ ቱቦው አፍ ያስገባዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲገባ አቁሙ። ቁንጮው አሁን ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ ይታያል።

8. ወደ ላይ አበጥራችሁ ቁረጡ። ለትንሹ 1.5፣ ለትልቁ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይቁም። መቀሱን አግድም አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ ጫፍ ጫፉን ዙሪያውን እየቀነሳችሁ ክብ አድርጉት። ወደ ቱቦው የቀረበው ሥር ጠባብ፣ አናቱ ሰፊ ይሁን።

ቱቦው ናይለኑ ላይ ከተንሸራተተ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው። ጭብጡን በትንሹ አወፍሩ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ጨምራችሁ ሳቡት። ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ደግሞ ከመጠን በላይ ገብቷል፤ ቁንጮውን ይዛችሁ ወደ ውጭ ሳብ ስታደርጉት ቀለበቱ ይፈታል።

ቱቦ ላልተመቸው በኦሪንግ (በትንሽ የጎማ ቀለበት) መሥራት ይቻላል። የውስጡ ስፋት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ኦሪንግ ውስጥ ጭብጡን እስከ እኩሌታው አሳልፋችሁ አጥፉት፣ ልክ ከኦሪንጉ በላይ ሰም በተቀባ የስፌት ክር 6 ወይም 7 ዙር ጠምጥማችሁ ቋጥሩት፣ አበጥሩ፣ ቁረጡ። ሲያያዝ ናይለኑን አጥፋችሁ እጥፋቱን በኦሪንጉ አሳልፉና ቁንጮውን በእጥፋቱ ቀለበት ውስጥ አውጥታችሁ አጥብቁ፤ እንደ ሸምቀቆ ይይዛል። አሠራሩ ፈጣን ነው፤ ግን የተያዘበት ቦታ ናይለኑ ይታጠፍና ጠባሳ ይቀራል። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ጠባሳ ይጨመራል። ትልቅ አምባዛ ሲመጣ ከዚያ ነው የሚበጠሰው።

በሳፋ መሞከር

ወንዝ ዳር ሆኖ ከማፈር ቤት ውስጥ መሞከር ይሻላል። ሳፋ ወይም ባልዲ ሙሉ ውሃ ቅዱ፣ ጠቋሚውን ናይለን ላይ አድርጋችሁ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁት መንጠቆ ሁለቱን በአንድ ላይ አንጠልጥሉ። 5 ደቂቃ ቆጥሩ። ግማሹ ከውሃ በላይ ከቀረ ያልፋል። ጫፉ ብቻ ከቀረ በአንድ መንጠቆ ይሠራል፣ በወራጅ ውሃ ግን አይሠራም። ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደ ዳክዬ ከተቀመጠ ደግሞ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ከአናቱ ቀንሱለትና እንደገና ሞክሩ። ክብደቱን ለመሸከም የሚበቃው ትንሹ መጠን ነው የሚፈለገው፤ የተረፈው መንሳፈፍ ሁሉ ዓሣው ሲስብ የሚሰማው ተቃውሞ ነው፣ ቶሎም ያስተፋዋል።

ውሃ ላይ

በመገጭና በመሳሰሉት ወራጅ ውሃዎች ከጠቋሚው እስከ መንጠቆው ያለው ርዝመት የውሃው ጥልቀት አንድ ጊዜ ተኩል ይሁን። 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ውሃ 90። የውሃው ገጽ ከሥሩ ስለሚፈጥን ናይለኑ ቀጥ ብሎ አይንጠለጠልም፤ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ትርፉም ለዚያ ነው። መንጠቆው አልፎ አልፎ ድንጋይ ካልነካ ርዝመቱ አጥሯል። በየወርወራው ከነካ ረዝሟል።

ሐይቅ ላይ ሌላ ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳር የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሜትር ውሃ ላይ ነው የሚሠራው። ናይለኑ ጫፍ ላይ ከበድ ያለ የእርሳስ ፍሬ አስራችሁ ጥልቀቱን ለኩ፣ ጠቋሚውን ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፤ መንጠቆው ከጭቃው በላይ ይንጠልጠል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ባለ ጊዜ ትንሹን ቁንጮ፣ ነፋሱ ተነስቶ ውሃው ሲጨማደድ ትልቁን። ዘንጉ ሸምበቆ ብቻ ከሆነ ናይለኑን ከሸምበቆው ርዝመት አታስበልጡት፤ ዓሣው ሲወጣ እጃችሁ አይደርስበትም።

ጠቋሚው ሲሰምጥ ብቻ የሚመታ ሰው አንዱን ሲያገኝ ሦስቱን ያጣል። ከጎኑ ከሚሄደው አረፋ ወይም ቅጠል ጋር አስተያዩት፤ ቅጠሉ ሄዶ ቁንጮው ከዘገየ ዘንጉን ቀና አድርጉ። የተጋደመው ቢቆም፣ የቆመው ቢጋደም፣ ወደ ነፋሱ ቢሄድ እንዲሁ። መመንጨቅ አያስፈልግም፣ የእጅ አንጓ ያህል ብቻ። በኃይል የሳበ ሰው መንጠቆውን ባዶ ያገኘዋል።

ቁንጮው ሲረጥብ ጨርቅ ውስጥ ጨብጣችሁ ጭመቁ፣ እፍ በሉበት፣ አበጥሩት፤ ቅባት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በረጠበ ክር ላይ ቅባት መቀባት ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። ከቀባችሁ በኋላ ጣታችሁን በአሸዋና በውሃ አሹ። ያ ቅባት መንጠቆውን ከነካ የሚሰምጠው ዝንብ መስመጡን ይተዋል፤ ናይለኑን ከነካም ከውሃው በላይ ተጋድሞ ይቀራል፣ ጠቋሚው ልክ እየሠራ መንጠቆው ግን ዓሣው ከሚኖርበት አንድ ክንድ በላይ ይዋኛል። ጠቋሚዎችን ከመንጠቆ ጋር በአንድ ዕቃ አለማስቀመጥም ለዚሁ ነው፤ ባዶ የክኒን ብልቃጥ ለብቻው ይበቃቸዋል።

ሲወረወር ናይለኑ ቁንጮው ላይ የሚጠማዘዝ ከሆነ ጠቋሚው ከክብደቱ ይበልጣል ወይም በአንድ ወገን ወፍሯል። ከላይ ወደ ታች ተመልከቱትና የወፈረውን ጎን አሳሱ። እምቦጭ ባለበት ደግሞ ነፋሱ ክምሩን ወዴት እንደሚነዳው አይታችሁ ከነፋሱ በላይ ባለው ወገን ቁሙ፤ ሥሩ ውስጥ የገባ ናይለን ሳይቆረጥ አይወጣም። በባዶ እግር ወደ ውሃው አትግቡ፤ የጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ አለበት።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ይወጣል። በወንዞቹ አፍ ላይ ተከማችቶ በቀላሉ የሚያዘው ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ተዉት። ክረምቱ ጠቋሚ ለመሥራት ይመቻል። ውሃው ጠርቶ ጠቋሚ በደንብ የሚታየው ከኅዳር በኋላ ነው።

ስትቆርጡ የሚወድቀውን የጆንያና የገመድ ብናኝ እዚያው አትተዉት፤ የበግ ፀጉሩ ይበሰብሳል፣ ያኛው አይበሰብስም፣ ወፍም ለጎጆዋ ትወስደዋለች። ጋዜጣ ዘርግታችሁ ላዩ ላይ ቁረጡ። ከዚያው ብናኝ ረዘም ያለው ተለቅሞ ከበግ ፀጉር ጋር ሲበጠር ለሚቀጥለው ቁንጮ መሙያ ይሆናል።